ሰማዩ ከድሬዳዋና ከሐረር ሲታይ፦ ስለ ሥነ ፈለክና ስለ ጠፈር ምርምር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በድሬዳዋና በሐረር የሚማሩ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሰማይ ሲነጋገሩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። በእጃችን የሚገኙት አብዛኞቹ የሥነ ፈለክ ሥዕሎች የተሳሉት ከምድር ወገብ ርቀው በስተ ሰሜን ለሚኖሩ አንባቢዎች በመሆኑ፣ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ቆሞ ቀና የሚል ተማሪ የሚያየው ነገር ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ መልሶቹ በተቻለ መጠን ከትምህርት ቤት ግቢ ወይም ከቤት ጣሪያ ላይ ሊረጋገጡ በሚችሉበት መንገድ ቀርበዋል።

ፀሐይ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች?

አትሆንም። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በትክክል በአናት የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ ናቸው። ሐረር ከድሬዳዋ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ቀኖቹ በአንድ ቀን ያህል ይለያያሉ፤ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ይውላሉ። በእነዚህ ቀኖች ቀጥ ብሎ የቆመ የባንዲራ ዘንግ ጥላ ከጠዋት ጀምሮ እያጠረ ይመጣና በቀትር ከዘንጉ ሥር ተሰብስቦ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ዘንጉ በትክክል ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱምቢ ይበቃል፤ ቱምቢ ከሌለም ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቀትር ሲባል ግን የእጅ ሰዓታችሁ 6 ሰዓት የሚልበት ቅጽበት አይደለም። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ልክ ሲሆን፣ ድሬዳዋ ግን 42 ዲግሪ እንኳ ሳትሞላ ትንሽ ወደ ምዕራብ ትቀራለች። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ የድሬዳዋን ቀትር የምትሠራው በሚያዝያ ወር 6 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ ነው። ሙከራውን ልክ በ6 ሰዓት አይቶ ጥላ አገኘሁ የሚል ተማሪ ሩብ ሰዓት ያህል ቢታገሥ ኖሮ ጥላው ሲጠፋ ባየ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ነው። ከሚያዝያ 7 እስከ ነሐሴ 22 ድረስ ፀሐይ በቀትር የምትገኘው ከአናታችን በስተ ሰሜን ስለሆነ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሰኔ 14 ቀን አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ሲጥል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ ያው ዘንግ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ከዚራ ውስጥ በረንዳቸው ወደ ሰሜን የዞረ ቤቶች በሰኔ ፀሐይ ገብቶባቸው በታኅሣሥ ጥላ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። «በቀትር ጥላ ሁልጊዜ ሰሜንን ያመለክታል» የሚለው የብዙ መጻሕፍት ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው ለአውሮፓ እንጂ ለእኛ አይደለም።

ሐረር ከድሬዳዋ ከፍ ብላ ለፀሐይ ትቀርባለች፤ ታዲያ ለምን ቀዝቃዛ ሆነች?

ከሚጠየቁት ሁሉ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂው የርቀትን ልክ እንዲያመዛዝን ያስገድደዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ 700 ሜትር ነው። ፀሐይ በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትገኝ 700 ሜትር መጠጋት ምንም የሚጨምረው ሙቀት የለም።

የፀሐይ ብርሃን አየሩን በቀጥታ እምብዛም አያሞቀውም። አስቀድሞ የሚሞቀው መሬቱ ነው፤ አየሩ ከመሬቱ ሙቀት ይወስድና ወደ ላይ ይነሣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጫነው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሙቀት ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ያህል ልዩነት መጠበቅ ተገቢ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ የወጣ ተሳፋሪ የመኪናውን መስኮት የሚዘጋው በዚህ ሕግ ነው።

ወቅቶች የሚፈራረቁት መሬት ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ አይደለም?

አይደለም። መሬት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ሲሆን ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ይበልጥ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወቅትን የሚያመጣው የመሬት ዛቢያ 23.4 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው፤ በዚህ ምክንያት በዓመቱ ግማሽ ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ፣ በሌላው ግማሽ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ይበልጥ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀን ርዝመት ልዩነታችን ትንሽ ነው፤ በድሬዳዋ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የእኛን ወቅት የሚለየው ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ይልቅ ዝናብ ሲሆን፣ የዝናቡም መቀነት የፀሐይን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መመላለስ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል።

ያለ ውድ መሣሪያ የመሬትን ዙሪያ መለካት ይቻላል?

ይቻላል፤ ድሬዳዋም ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ኤራቶስቴነስ የተባለው የግሪክ ሊቅ ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ ይህን አድርጓል። በደቡብ ግብፅ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ ፀሐይ በአናት በምትሆንበት ቀን በአሌክሳንድሪያ ያለው ጥላ 7.2 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉን አይቶ፣ ይህ የሙሉ ክብ አንድ ሃምሳኛ ስለሆነ የመሬት ዙሪያ የሁለቱ ከተሞች ርቀት ሃምሳ እጥፍ ነው ብሎ አሰላ።

እናንተም መቀሌ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር በስልክ ተቀጣጥራችሁ ያንኑ መድገም ትችላላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን በድሬዳዋ ጥላ ሲጠፋ፣ መቀሌ ላይ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በራሱ ቀትር 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ከዚህ የሚገኘው አንግል 3.9 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በ360 ዲግሪ ውስጥ 92 ጊዜ ያህል ይገባል። የሁለቱ ከተሞች ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ርቀት በካርታ ሲለካ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲባዛ ወደ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ትክክለኛውም መልስ ይኸው ነው። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ የመኪና መንገድ ርቀት አይሠራም፤ የሚፈለገው የሰሜንና የደቡብ ርቀት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መቀሌ ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ቀትሯ ከድሬዳዋ ቀትር 10 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም የምትለኩት በአንድ ሰዓት ሳይሆን ጥላው በየከተማው ይበልጥ ባጠረበት ቅጽበት ነው።

አዲስ የወጣች ጨረቃ እኛ ጋ በጀርባዋ የተኛች የምትመስለው ለምንድን ነው?

በመጽሐፍ ላይ ያለችው ማጭድ የመሰለች ጨረቃ ጎኗን ሰጥታ ቆማ ትታያለች፤ በድሬዳዋ ምሽት ግን በተለይ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሁለቱን ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ትንሳፈፋለች። የምትበራው የጨረቃ ገጽ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ የዞረው ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ በቀጥታ ወደ ታች ስለምትወርድ፣ ከጠለቀች በኋላም የምትገኘው ከጨረቃዋ ሥር ነው፤ ስለዚህ የሚበራው የጨረቃ ክፍል የታችኛው ይሆናል። በለንደን ወይም በሞስኮ ፀሐይ አግድም ተንሸራትታ ስለምትጠልቅ ብርሃኑ በጨረቃዋ ቀኝ ጎን በኩል ያርፋል። ፈተና ላይ የጨረቃን ቅርጽ ስትስሉ የሁለቱም ሥዕል ልክ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ረመዳን በየዓመቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ፋሲካ ግን በሁለት ወር ውስጥ ብቻ የሚመላለሰው ለምንድን ነው?

ጨረቃ ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው ለመድረስ በአማካይ 29.53 ቀን ይፈጅባታል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳሉ። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር ንጹሕ የጨረቃ አቆጣጠር በመሆኑ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ፣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ አዳርሶ ይመለሳል። ሐረር ውስጥ ረመዳንን በክረምት ዝናብም በጥር ፀሐይም የጾሙ አዛውንቶች ያሉት በዚሁ ስሌት ነው።

ፋሲካን የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ፀሐይንና ጨረቃን አንድ ላይ ያሰላል። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ከጥቂት ሰዓት በማይበልጥ ልዩነት እኩል ናቸው። በዚህ የ19 ዓመት ዑደት ምክንያት በዓሉ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም።

አዲስ ጨረቃ በየትኛው ምሽት ትታያለች ለሚለው ሥነ ፈለክ ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሆነች በኋላ በዓይን ለመታየት ብዙ ጊዜ ከ15 ሰዓት በላይ ያስፈልጋታል፤ የአድማሱ ጥራትም ይወስናል። ወሩ ገባ ብሎ የማወጁ ሥልጣን ግን የእምነቱ ሊቃውንት ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ በየወሩ የማይሆነው ለምንድን ነው? ቀጣዩስ መቼ ነው?

የጨረቃ ምሕዋር ከመሬት ምሕዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ፣ ጨረቃ በአብዛኞቹ ወራት ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን ጨምሮ በኢትዮጵያ ላይ ያለፈው የቀለበት ግርዶሽ ይታወሳል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን፣ ጥላው በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ያልፋል፤ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ድሬዳዋና ሐረር ከጥላው መስመር በስተ ደቡብ ስለሚቀሩ ከፊል ግርዶሽ ያያሉ፤ ግርዶሹ በእኛ አካባቢ የሚበረታው ከቀኑ 8 ሰዓት አቅራቢያ ነው። ወሩ ሐምሌ በመሆኑ ደመና ሊጋርደው እንደሚችል ከአሁኑ ማሰብ አይከፋም።

የዓይን ጉዳይ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የራጅ ፊልም፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሲዲ፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ቀለል ያለ የብየዳ መነጽር፣ ሁሉም አደገኞች ናቸው፤ ብርሃኑን ቢያደበዝዙም የማይታየውን ጨረር በበቂ አያግዱም። የዓይን የኋላ ክፍል ሕመም የማይሰማው በመሆኑ ጉዳቱ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ያለ ምንም ወጪና ያለ ምንም አደጋ የሚታይበት መንገድ ግን አለ። ከዚራ ጎዳና ዳር ካሉት ዛፎች ሥር በቀትር ብትቆሙ፣ በቅጠሎቹ መካከል የሾለከው ብርሃን አስፋልቱ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቅጠሎቹ ክፍተት ክብ ሳይሆን ነጠብጣቡ ክብ የሆነው እያንዳንዱ የፀሐይ ምስል ስለሆነ ነው። ግርዶሽ ሲሆን እነዚያ ክቦች በሙሉ በአንድ ጊዜ ማጭድ ይሆናሉ። ፀሐይን ጀርባ ሰጥቶ መሬቱን ማየት ብቻ ነው።

ከዚህ ሆነን በሌሊት የትኞቹን ኮከቦች ማየት እንችላለን?

ከአውሮፓ ሰው ይልቅ እኛ የታደልን ነን፤ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ የተጨበጠ ጡጫ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ከምንኖርበት ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ አቅጣጫ አንድ ጡጫ ብቻ ከፍ ብላ ትገኛለች። ደማቅ አይደለችም፤ የሜዳው አቧራም ብዙ ጊዜ ይጋርዳታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሌሊት ብታጡዋት አትገረሙ፤ ዝናብ አየሩን ያጠበበትን ማግስት ምረጡ።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በግንቦት ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ሁለት ጡጫ ያህል ከፍ ብለው ይታያሉ። የድሬዳዋ ደቡባዊ ተራሮች የሚሸፍኑት የታችኛውን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ አይከለክሏችሁም። ከመስቀሉ በስተ ግራ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ፤ ከሁለቱ ከመስቀሉ ራቅ ብላ የምትገኘው አልፋ ሴንታውሪ ስትሆን ከእኛ 4.4 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ዛሬ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚያየው የእርሷ ብርሃን ከዚያ የወጣው እርሱ ገና 4ኛ ክፍል ሳለ ነው። በዓይን ከሚታዩት የሌሊት ኮከቦች ሁሉ ቅርቧ እርሷ ሆና ሳለ፣ አብዛኛው አውሮፓዊ ከአገሩ ሳይወጣ አያያትም።

ፕላኔቶችን ከኮከብ የሚለያቸው አለመርገብገባቸው ነው። አጥቢያ ኮከብ የምትባለው ቬነስ ናት፤ ከፀሐይ መውጣት በፊት በምሥራቅ ወይም ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ ትታያለች እንጂ እኩለ ሌሊት ላይ በድሬዳዋ ሰማይ አትገኝም፤ ምሕዋሯ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ይቀርባልና። ተወርዋሪ ኮከቦችን ለማየት ከሁሉ የሚመረጠው ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ነው፤ ጀሚኒድስ የተባለው ፍንጣቂ በዓመቱ ካሉት ብርቱዎቹ አንዱ ሲሆን ወሩም ሰማዩ የጠራበት ነው።

ፕሉቶ ከፕላኔትነት ለምን ተሰረዘ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕላኔት ለመባል ፀሐይን መዞር፣ በራስ ስበት ክብ መሆንና የምሕዋርን አካባቢ ከሌሎች አካላት ማጽዳት ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ፕሉቶ ሦስተኛውን ስለማያሟላ ድንክ ፕላኔት ተባለ። ፕላኔቶቹ ስምንት ናቸው።

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት በዚያ ከፍታ ስበት ስለሌለ ነው?

ይህ በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ያለው የመሬት ስበት በእኛ ላይ ካለው 90 በመቶ ያህሉ ነው። ጣቢያው በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጓዛል፤ ከድሬዳዋ ሐረር ያለውን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ በ7 ሰከንድ እንደ ማለት ነው። ስበቱ ያለማቋረጥ ወደ መሬት ይስበዋል፤ ነገር ግን ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት ትልቅ ስለሆነ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የመሬቱም ገጽ ከሥሩ እየጎበጠ ይርቀዋል። ጣቢያውም በውስጡ ያሉትም ሰዎች አብረው እኩል ስለሚወድቁ ወለሉ እግራቸውን አይገፋውም፤ ክብደት አይሰማቸውም። አንዱን ዙር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጨርስ በቀን 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ።

ጣቢያው በድሬዳዋም ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሳይርገበገብና ቀይ መብራት ሳያበራ ሰማዩን በጥቂት ደቂቃ የሚያቋርጥ ደማቅ ነጥብ ካያችሁ እርሱ ወይም ሌላ ሳተላይት ነው። የሚርገበገብ መብራት ያለው አውሮፕላን ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የማናየው ጣቢያው በመሬት ጥላ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ሰው በእርግጥ ጨረቃ ላይ ወጥቷል?

ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት በስድስት የአፖሎ ጉዞዎች 12 ሰዎች ጨረቃ ላይ ተራምደዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሐምሌ 20 ቀን 1969 የወረዱት ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ሲሆኑ፣ ማይክል ኮሊንስ በምሕዋር ላይ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። ስለ ባንዲራው መወዛወዝና በፎቶዎቹ ላይ ኮከብ ስላለመታየቱ በማኅበራዊ መገናኛ የሚነገረው ብዙ ነው። ባንዲራው በላይኛው ጠርዙ አግድም ዘንግ ገብቶበታል፤ ካሜራው ደግሞ ለብሩህ የቀን ብርሃን የተስተካከለ ስለነበር ደብዛዛ ኮከቦችን ሊያነሣ አይችልም፤ ማታ መብራት ሥር ሆናችሁ በስልካችሁ ጓደኛችሁን ብታነሱ ያንኑ ታገኛላችሁ። ክርክሩን የሚዘጋው ሌላ ነው። ጠፈርተኞቹ ካስቀመጧቸው መስታወቶች ላይ ዛሬም የሌዘር ጨረር ተልኮ ይመለሳል፤ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር እየራቀች መሆኗ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ይዘው የተመለሱትን 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈርም የብዙ አገር ሳይንቲስቶች መርምረውታል።

ኢትዮጵያ በጠፈር ዘርፍ ምን ሠርታለች?

እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ተመነጠቀች፤ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ለእርሻ፣ ለደንና ለውኃ ሀብት ክትትል የሚውል ምስል የምታነሣ ነበረች። ሁለተኛዋ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እንዲሁ ከቻይና ተከተለች። ሮኬቶቹም የማምጠቂያ ጣቢያዎቹም የቻይና ነበሩ፤ ይህን መናገር ሥራውን ማሳነስ አይደለም፤ ብዙ አገሮች የጀመሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የቡና አገር ለሆነችው ሐረርጌ የሚቀርብ ሌላም ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያዋ የሚዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የምትገኝ ኮከብ ስትሆን ስሟ ቡና፣ የፕላኔቱ ስም አቦል ተባለ። አቦል ከጁፒተር የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው፤ ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ኮከቧ በባዶ ዓይን አትታይም፤ በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ግን ጥሩ ባይኖኩላር ያለው ቦታዋን በካርታ ፈልጎ ሊያገኛት ይችላል።

ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ሮኬት ለማምጠቅ ይጠቅማል?

በመርህ ደረጃ አዎን። መሬት ስትሽከረከር ድሬዳዋን ራሷን በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትወስዳታለች፤ ወደ ምሥራቅ የሚተኮስ ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ሆኖም የሮኬት ቁርጥራጭ የሚወድቅበት ባሕር በስተ ምሥራቅ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ በስተ ምሥራቃችን ያለው ሰው የሚኖርበት ምድር ነው። በአካባቢያችን ይህን ያሟላችው ኬንያ ነበረች፤ ጣሊያኖች በማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከተከሉት መድረክ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ኡሁሩ የተባለችው፣ ለኤክስ ሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ተመንጥቃለች። ጅቡቲም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በኦቦክ የማምጠቂያ ጣቢያ ለማቋቋም ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርማለች።

ለመጀመር ቴሌስኮፕ መግዛት አለብኝ?

የለባችሁም፤ በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ቴሌስኮፖች እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ተስፋ ያስቆርጣሉ። 7 በ50 የሚባለው መጠን ያለው ባይኖኩላር ግንብ ላይ ተደግፎ ሲያዝ የጨረቃን ጉድጓዶችና ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያሳያል። አራቱን ነጥቦች በተከታታይ ምሽቶች በደብተር ላይ ብታሰፍሩ ቦታ ሲቀያየሩ ታገኛላችሁ። የጨረቃን ጉድጓዶች ለማየት ሙሉ ጨረቃን አትጠብቁ፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍ ጥላ የለም፤ ግማሽ በሆነችበት ምሽት ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ አተኩሩ። ፍኖተ ሐሊብን ለማየት ግን ከባይኖኩላሩ ይልቅ የሚያስፈልገው ጨለማ ነው፤ ከከተማው መብራት ወጣ ብሎ፣ ጨረቃ በሌለችበት የመስከረም መጨረሻ ምሽት፣ ስልክን ኪስ ውስጥ ከትቶ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል መቆየት ይበቃል።